ኬሮ፦ ጎርፍ ያልደፈራት፣ ሰው የለቀቃት የወንዝ ከተማ

የአሜሪካን ካርታ ዘርጉና ኦሃዮ ወንዝ ከሚሲሲፒ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ፈልጉ። በኢሊኖይ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ፣ በሁለቱ ወንዞች መሃል እየጠበበ የሚሄድ መሬት ታያላችሁ። እዚያ ጫፍ ላይ ያለችው ከተማ ኬሮ ትባላለች። ስሟ የተወሰደው ከግብፅዋ ካይሮ ነው፤ አገሬው ግን ኬሮ ነው የሚላት፤ እኛም እንደ አገሬው እንጥራት። በአቅራቢያዋ ቴብስና ካርናክ የሚባሉ መንደሮችም አሉ። የግዛቱን ደቡብ በጠቅላላ «ትንሿ ግብፅ» ይሉታል።

ከቺካጎ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ኢሊኖይ የሰሜን ግዛት ይባል እንጂ ኬሮ ከቨርጂኒያዋ ሪችመንድ በላይ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ሪችመንድ ደግሞ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ባርነትን ይዘው የተዋጉት የደቡቦቹ ዋና ከተማ ነበረች። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

በ1920 በተደረገው ቆጠራ ኬሮ 15,203 ሰው ነበራት። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ2020 ሲቆጠር 1,733 ሆነ። ከዘጠኝ ሰው ስምንቱ የለም ማለት ነው። ዋናው የንግድ ጎዳና ኮሜርሻል አቬኑ ዛሬ ባብዛኛው ባዶ ነው። ሕንፃዎቹ ፈርሰው ሣር በቅሎበታል።

ይህን የሚሰማ ሰው ወዲያው «በቃ ጎርፍ ነዋ!» ይላል። ሁለት ትልልቅ ወንዞች መሃል ለተቀመጠች ከተማ ሌላ ምን ይገመታል? ግን ጎርፍ አይደለም። በ1858 ክትሩ ተደርምሶ ውሃ ገብቶባት ነበር። ከዚያ ወዲህ በመጡት ታላላቅ ጎርፎች፣ ጎረቤት ከተሞች ሲዋጡ እንኳ፣ ኬሮ ቆማ አልፋለች። በ1937 ኦሃዮ ሲሞላ በአቅራቢያዋ ያለችው የኬንታኪዋ ፓዱካ ከተማ ሕዝቧን በሙሉ አስወጣች። ሉዊቪል አብዛኛው ክፍሏ ውሃ ውስጥ ገባ። ኬሮ ደረቅ ነበረች።

እንግዲህ ውሃው ካልወሰዳት ማን ወሰዳት? ለዚህ መልስ ለመስጠት መጀመሪያ ውሃው ራሱ እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አሜሪካ ለኬሮ መሬት ያደረገችውንና ለኬሮ ሰው ያላደረገችውን ጎን ለጎን ካላየን ነገሩ አይገባም።

ውሃው እንዴት ይያዛል?

ሁለቱ ወንዞች ከተገናኙ በኋላ ስሙን ይዞ የሚቀጥለው ሚሲሲፒ ነው። በውሃ ብዛት ግን በመገናኛው ላይ የሚበልጠው ኦሃዮ ነው። ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ካርቱም ላይም ከሁለቱ ብዙውን ውሃ የሚያዋጣው የእኛው አባይ ሆኖ ሳለ ዓለም ረጅሙን ነጭ አባይን እንደ ዋና ግንድ ሲቆጥር ኖሯል።

የኬሮ ጭንቀት የሚመጣው ሁለቱ እኩል ሲሞሉ ነው። ብዙ ጊዜ ተራ ይጠብቃሉ። ኦሃዮ በአሜሪካው የብርድ ወቅት ማብቂያና በጸደዩ መግቢያ ዝናብ ይሞላል፤ ላይኛው ሚሲሲፒ ደግሞ በረዶው ሲቀልጥ ዘግየት ብሎ ይመጣል። ተራው ከተዛባ ግን አንዱ ሌላውን ይዘጋዋል። መውጫ ያጣው ውሃ ወደ ኋላ እየተኛ ይነሳል።

ከተማዋ ይህን የምትከላከለው ዙሪያዋን በማጠር ነው። በኦሃዮ በኩል የኮንክሪት ግንብ፣ በቀረው ሌቪ የሚባለው የአፈር ክትር አለ። ከሰሜን ስትገቡ መንገዱ በባቡር ሐዲድ ሥር ያልፋል። እዚያ ላይ «ቢግ ሰብዌይ ጌት» የሚሉት ግዙፍ የብረት መዝጊያ ተንጠልጥሏል። ጎርፍ ሲመጣ ይለቀቃል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ከተማዋም ተቆልፋ ትቀመጣለች።

ግን ክትር ውሃን ከላይ እንጂ ከሥር አያስቆምም። የኬሮ መሬት ወንዝ ያመጣው አፈርና አሸዋ ነው። ውጭ ያለው ውሃ ከፍ ባለ ቁጥር ክብደቱ ወደ ታች ይጫናል። ከዚያ በክትሩ ሥር በአሸዋው ውስጥ መንገድ ፈልጎ በከተማው በኩል፣ ጓሮ ወይም መንገድ ዳር፣ ቡልቅ ይላል። ጥርት ያለ ውሃ ከሆነ እሰየው፣ ብዙ አያሰጋም። ደፍርሶ አሸዋ ይዞ ከመጣ ግን ክትሩ ከሥሩ እየተቦረቦረ ነው። አሸዋው በአፉ ዙሪያ በክብ እየተቆለለ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። የማያውቅ ሰው ሮጦ አፉን በአፈር ሊደፍን ይሞክራል። ቢደፈን ውሃው ሌላ ቦታ ፈንቅሎ ይወጣል። የሚያውቁት አይደፍኑም። ዙሪያውን የአሸዋ ከረጢት በክብ ይደረድሩና ውሃው እዚያ ውስጥ እንዲሞላ ይተዉታል። በክቡ ውስጥ ውሃው ከፍ ሲል የራሱ ክብደት ከታች የሚመጣውን ግፊት ይገዳደራል። ፍሰቱ ይረጋል፣ አሸዋው ይቆማል። ውሃው ጠርቶ መውጣቱን ሲያዩ ሰዎቹ ትንሽ ይተነፍሳሉ። ውሃው መፍሰሱን አያቆምም፤ እንዲቆምም አይፈልጉም። በ2011 ኬሮ ውስጥ የፈላው አንዱ ምንጭ ከመጠን በላይ ትልቅ ከመሆኑ የተነሳ የጦሩ መሐንዲሶች ይህን የሚያህል አይተው እንደማያውቁ ተናግረዋል።

በአሜሪካ ትልልቅ ወንዞችን የሚያስተዳድረው የጦር ሠራዊቱ የምህንድስና ክፍል ነው። እነዚህ ሰዎች እስከ 1927 ድረስ እምነታቸው በክትር ብቻ ነበር። ወንዙን አጥብቀህ ያዘው፣ ራሱ መንገዱን ይጠርጋል ይሉ ነበር። በዚያ ዓመት ሚሲሲፒ ክትሩን በየቦታው በጣጥሶ ደቡቡን አጥለቀለቀ። በዓመቱ፣ በ1928፣ ምክር ቤቱ አዲስ ሕግ አወጣ። የሕጉ ሐሳብ ባጭሩ፦ ወንዝ ቦታ ይፈልጋል፤ እኛ ካልሰጠነው ራሱ መርጦ ይወስዳል።

ከተሰጡት ቦታዎች አንዱ ከኬሮ ማዶ፣ ሚዙሪ ውስጥ ነው። በርድስ ፖይንት–ኒው ማድሪድ ይባላል። የጎርፍ ማስተንፈሻ ነው። ከወንዙ ዳር ካለው ክትር ጀርባ ኪሎ ሜትሮች ርቀው ሁለተኛ ክትር ሠሩ። በሁለቱ መሃል ወደ 53,000 ሄክታር የሚጠጋ ለም መሬት አለ። በደህናው ጊዜ በቆሎ፣ ስንዴና አኩሪ አተር ይዘራበታል። የክፉ ቀን ሲመጣ የፊተኛው ክትር በፈንጂ ይከፈትና ውሃው ይለቀቅበታል። መንግሥት መሬቱን አልገዛውም። የገዛው የማጥለቅለቅ መብቱን ነው። ገበሬው መሬቱን ይዞ ይቀጥላል፤ ግን አንድ ቀን ውሃ ሊመጣበት እንደሚችል በውል ገብቶበታል።

ማስተንፈሻው በጥር 1937 ተከፈተ። ከዚያ ለ74 ዓመት ዝም አለ። በ74 ዓመት ውስጥ ስንት ነገር ይረሳል? ውሉን የፈረሙት ሞቱ፣ ልጆች ወረሱ፣ ቤት ተሠራ፣ መሬት ተሸጠ። ውሉ ግን መዝገብ ላይ አልሞተም።

የ2011 ግንቦት

በሚያዝያ 2011 በአካባቢው ለቀናት ዘነበ። ሁለቱም ወንዞች እኩል ሞሉ። ኬሮ ላይ የውሃ መለኪያ አለ። ከታች እስከ ሜምፊስ ድረስ ያለ የወንዝ ባለሙያ ዓይኑን የሚጥለው እዚህ መለኪያ ላይ ነው። ቁጥሩ 60 ጫማን ካለፈና መውጣቱን ካላቆመ ማስተንፈሻው ለመከፈት ይታሰባል። የ1937ቱ ከፍተኛ ልክ 59.5 ጫማ ነበር። የኬሮ ግንብ የተሠራው እስከ 64 ጫማ እንዲችል ነው፤ ግን ከላይ እንዳየነው አደጋው ከሥር ነበር።

የሚዙሪ ግዛት ፍርድ ቤት ሄደ። ገበሬዎቻችን ይጥለቀለቃሉ፣ አታፍርሱ አለ። በዚያው ሰሞን ጋዜጠኞች የሚዙሪን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ስቲቭ ቲሊን አንድ ጥያቄ ጠየቁት። ኬሮ ብትሰጥም ይሻልሃል ወይስ የሚዙሪ እርሻ? ሰውየው ሳያቅማማ ኬሮ አለ። እዚያ ሄጄ አይቻታለሁ፣ እመኑኝ ሲልም አከለበት። በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ እንደማስበው ይህ ንግግር ያስቆጣው ስድብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው በልቡ የሚያስበውን አፍ አውጥቶ ስለተናገረው ነው።

ፍርድ ቤቱ የሚዙሪን አቤቱታ አልተቀበለም። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እዚያም አልሆነም። የኬሮ ሕዝብ ከተማውን ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ። ውሳኔው የወደቀው በሚሲሲፒ ወንዝ ኮሚሽን ሊቀመንበር በሜጀር ጄኔራል ማይክል ዋልሽ ላይ ነበር። ፈንጂው ፈሳሽ ነው፤ በክትሩ ውስጥ በተቀበሩ ቱቦዎች ይሞላል። መብረቅ እየጣለ ስለነበር ሠራተኞቹ ሙሊቱን ያቋርጡ ነበር። ግንቦት 2፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ በርድስ ፖይንት ላይ ክትሩ ፈነዳ። የኬሮ መለኪያ በዚያ ቀን 61.72 ጫማ ደርሶ ነበር፤ ወደ 19 ሜትር ማለት ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ከፍ ብሎ አያውቅም። ውሃው ወደ እርሻው ሲዞር መለኪያው ቶሎ መውረድ ጀመረ።

በወቅቱ ብዙ ሰው ነገሩን እንዲህ አድርጎ ነበር የሚተርከው፦ መንግሥት 2,800 ድሆች ያሉባትን የሞተች ከተማ ለማዳን የሀብታም እርሻ አጠፋ። ይህ አተራረክ ጎዶሎ ነው። ማስተንፈሻው የሚከፈተው ለኬሮ ተብሎ ብቻ አይደለም። መለኪያው ኬሮ ላይ ይተከል እንጂ ግፊቱ የሚቀንሰው በወንዙ ላይና ታች ባለው ክትር ሁሉ ነው። አንዱ ባልታሰበ ቦታ ቢደረመስ ውሃው የሚሄድበትን የሚያውቅ የለም። ኬሮ ባዶ ብትሆን እንኳ መሐንዲሶቹ ያንን ሌሊት ያስቡበት ነበር። የኬሮ ሰው ግን ለወራት «ስለናንተ ተብሎ» ሲባል ሰማ።

ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ ሰፋፊ እርሻ ያላቸው ብቻ አልነበሩም። ማስተንፈሻው ውስጥ ፒንሁክ የምትባል የጥቁሮች መንደር ነበረች። የቆረቆሯት በ1940ዎቹ የሌላ ሰው መሬት በእኩል ያርሱ የነበሩ ጥቁር ገበሬዎች ናቸው። ሌላ ቦታ መሬት የሚሸጥላቸው ስላልነበረ ውሃ የሚያሰጋውን ገዙ። በ2011 ሠላሳ ገደማ ሰው ነበረባት። ውሃው ጠራርጎ አጠፋት፤ በቦታዋም ተመልሳ አልተሠራችም። ከባለ ሰፊ እርሻዎቹ ግን ብዙዎቹ፣ አሸዋ የሸፈነባቸውና ውሃ የሸረሸረባቸው ቢኖሩም፣ በዚያው ዓመት አኩሪ አተር ዘሩ። ክትሩም ኋላ ላይ ተመልሶ ተሠራ።

ንግዱ ለምን አለፈ?

እሺ፣ ውሃው ተያዘ። ሥራውስ?

ኬሮ የበለጸገችው ሰውና ዕቃ እሷ ጋ ደርሶ መውረድ ስላለበት ነው። በ1850ዎቹ ኢሊኖይ ሴንትራል የተባለው ባቡር ከሰሜን እሷ ድረስ መጣ። ሐዲዱ ወንዙ ዳር ያልቃል። ዕቃው ይወርዳል፣ በእንፋሎት መርከብ ይጫናል፣ ወይም ፉርጎው ራሱ በጀልባ ይሻገራል። በዚህ መሃል ጫኝ አለ፣ አውራጅ አለ፣ ሆቴል አለ፣ ባንክ አለ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ጄኔራል ግራንት ዋና ሰፈሩን በ1861 እዚህ አድርጎ ወደ ደቡብ የዘመተው ለዚሁ መገናኛነቷ ነው። ለሠራዊቱ ዱቄት ያቀረበ ነጋዴ ከጦርነቱ በኋላ የሠራው ማግኖሊያ ማኖር የሚባል ቪላ እስከ ዛሬ አለ።

ከዚያ ድልድይ መጣ። በ1889 የባቡር ድልድዩ ኦሃዮን ተሻገረ፤ ባቡሩ መቆም አላስፈለገውም። በ1929 በሚሲሲፒ ላይ፣ በ1938 በኦሃዮ ላይ የመኪና ድልድይ ተሠራ፤ የጀልባው ሥራም አበቃ። በ1978 ደግሞ ኢንተርስቴት 57 የተባለው ፈጣን መንገድ ከተማዋን ወደ ጎን ትቶ በራሱ ድልድይ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ነዳጅ ለመቅዳትና ቡና ለመጠጣት የሚገባውም መንገደኛ ቀረ።

ወንዙ ላይ ያለው ንግድ ሞቷል ማለት ግን አይደለም። እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጣል። በርጅ የሚባለው ጠፍጣፋ የጭነት ታንኳ አንዱ ብቻ 1,500 ቶን ገደማ እህል ይይዛል። በላይኛው ሚሲሲፒ ለመርከብ መውጫና መውረጃ የተሠሩ በሮች ስላሉ አንድ ገፊ መርከብ 15 በርጅ ያህል ነው የሚወስደው። ከኬሮ ወደ ታች እስከ ባሕሩ ድረስ በር የለም። ስለዚህ ሰላሳም አርባም አንድ ላይ ታስሮ ይሄዳል። ይህ መፍታትና ማሰር የሚካሄደው ኬሮ አካባቢ ነው። ከከተማዋ ግንብ ማዶ ቀንና ሌሊት የገፊ መርከብ ሞተር ያጉረመርማል። ሠራተኛው ግን ለሳምንታት መርከብ ላይ ይኖራል፤ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል። ኬሮ ላይ የሚያወርደው ነገር የለም።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ከኬሮ ወደ ላይ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ኦልምስቴድ ላይ በኦሃዮ ወንዝ ላይ አዲስ ግድብና የመርከብ በር ተሠርቶ በ2018 ተመረቀ። ሲፈቀድ 775 ሚሊዮን ዶላር የተገመተው ሥራ ሲያልቅ 3 ቢሊዮን ገደማ ፈጀ። በዚያን ጊዜ ኬሮ ውስጥ ቲማቲም የሚሸጥ ሱቅ አልነበረም።

በሩን የዘጉት

እስካሁን ያልኩት ለብዙ የወንዝ ከተሞች ይሠራል። ሁሉም ግን እንደ ኬሮ አልሆኑም። ፓዱካ ዛሬም ከተማ ናት። ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው፤ ያዙልኝ ያልኳችሁም ለዚህ ነው።

ኢሊኖይ ባርነት የማይፈቅድ ግዛት ነበር፤ ማዶና ማዶ ያሉት ኬንታኪና ሚዙሪ ግን ይፈቅዱ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ከባርነት ያመለጡ ሺዎች ወደ ኬሮ መጡ። ብዙዎቹ ቀሩ። ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ ከከተማዋ ሕዝብ ከሦስት አንዱ በላይ ጥቁር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ ወደቡ ላይ ሠሩ። በሕግ ነፃ ናቸው። የከተማዋ አስተሳሰብ ግን የደቡብ ነበር።

ኅዳር 11 ቀን 1909 አንዲት ነጭ ወጣት በመግደል የተጠረጠረ ዊል ጀምስ የሚባል ጥቁር ሰው፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መሃል ከተማ ላይ ገደለው። ከቺካጎ አይዳ ቢ. ዌልስ መጣች። በባርነት ተወልዳ ጋዜጠኛ የሆነች፣ እንዲህ ያለውን ግድያ ዕድሜ ልኳን የታገለች ሴት ናት። በ1905 የወጣ የኢሊኖይ ሕግ ነበር፤ እስረኛውን ለመንጋ የሰጠ ሸሪፍ ከሥራው ይነሳል ይላል። የተነሳው ሸሪፍ የቻልኩትን አድርጌያለሁ ብሎ ልመለስ ብሎ ጠየቀ። ዌልስ ማስረጃ ሰብስባ አገረ ገዢው ፊት ተከራከረች። አገረ ገዢ ቻርልስ ዲኒን ሸሪፉን አልመልስም አለ። ለዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ግን ከተማዋ አልተለወጠችም። በ1940ዎቹ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ሲሠሩ ፒራሚድ ኮርት ለጥቁር፣ ኤልምውድ ለነጭ ተባለ። በ1962 ወጣቶች የመዋኛ ገንዳው ለጥቁርም ይከፈት ብለው ደጁ ላይ ተንበርክከው ጸለዩ። ከመሃላቸው በኋላ የምክር ቤት አባል የሆነው ጆን ሉዊስ ነበረ። ባለቤቶቹ ገንዳው «የግል ክበብ» ነው ብለው ተከላከሉ። ለሁሉም ከመክፈት መዝጋትን መረጡ፤ ኋላም ጉድጓዱ በኮንክሪት ተሞላ። ኬሮ በሐምሌ ምን ያህል እንደምትወብቅ ለሚያውቅ፣ ነጭ ልጆችም ገንዳ አጡ ማለት ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ አላቆመም። በሐምሌ 1967 ሮበርት ሀንት የሚባል የ19 ዓመት ጥቁር ወታደር ለፈቃድ መጥቶ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ተሰቅሎ ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ ራሱን አጠፋ አለ። ጥቁሩ ሕዝብ አላመነም። ከተማዋ ተቀጣጠለች፣ ብሔራዊ ዘብ ገባ። ነጮቹ «ነጭ ባርኔጣ» የተባለ የሲቪል ታጣቂ ቡድን አቋቋሙ። አባላቱ ስድስት መቶ ገደማ ይሆናሉ ይባል ነበር። ፒራሚድ ኮርት ላይ ሌሊት ሌሊት ጥይት ይተኮስ ነበር።

በ1969 በሬቨረንድ ቻርልስ ኮይን የሚመራ ዩናይትድ ፍሮንት የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። ጥያቄው ቀላል ነው። ገንዘባችንን ትወስዳላችሁ፤ ለምን አትቀጥሩንም? ከሚሸምተው ሕዝብ ትልቁ ድርሻ ጥቁር ነው፤ ሱቆቹ ውስጥ ግን ጥቁር ሻጭ አይታይም። እንግዲያው አንገዛም ተባለ። አድማው ለዓመታት ቆየ።

አንድ ገንዘብ ያዥ ቢቀጥሩ ብዙዎቹ ሱቆች ይተርፉ ነበር። አልቀጠሩም። ቀስ በቀስ አንዱ ሱቅ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ መዝጊያውን አውርዶ ሄደ። ሕዝቡ ቀድሞም እየሄደ ነበር፤ በ1960 9,348 የነበረው በ1970 6,277 ሆነ። አንድ ሦስተኛው በአሥር ዓመት ሄደ። ድልድዮቹ ከተማዋን አድክመዋት ነበር፤ ኋላም አውራ ጎዳናው ጨመረበት። ይህ የሱቆቹ እምቢታ ግን ከውጭ የመጣባት አይደለም። እኔን ብትጠይቁኝ የኬሮ ትልቁ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። አንዳንዶች አድማው ከተማዋን ገደላት ይላሉ። አድማውን ለማስቆም የተጠየቀው ዋጋ ምን ያህል ትንሽ እንደነበር ሲያስቡት ግን ይህ አባባል ይከብዳል።

የቀሩት ሰዎች

ከዚያ ወዲያ ያለው ፈጣን ነው። ሆስፒታሉ በ1980ዎቹ ተዘጋ። የመጨረሻው የምግብ ሱቅ በ2015 ተዘጋ። መኪና ያለው ድልድይ ተሻግሮ ኬንታኪ ወይም ሚዙሪ ይሸምታል። የሌለው ጎረቤቱን ለነዳጅ ከፍሎ ይሄዳል፣ ወይም የታሸገ ምግብ ላይ ይውላል። በሰኔ 2023 ራይዝ የተባለ ሱቅ ተከፈተ። የኅብረት ሥራ ነው፤ ነዋሪው አባል ሆኖ ድርሻ ይገዛል፤ ግዛቱም ደግፎታል። ግን በ1,700 ሰው የምግብ ሱቅ ማቆየት ቀላል አይደለም። አከፋፋይ ብዙ ለሚወስድ ነው የሚያረክሰው፤ ሰላጣው ሳይሸጥ ይጠወልጋል፤ ዋጋው ከማዶ ሱፐርማርኬት ይበልጣል፤ መኪና ያለው መልሶ ድልድዩን ይሻገራል።

ከሁሉ የከበደው የቤቱ ነገር ነው። ኤልምውድና ማክብራይድ የተባሉት የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ለዓመታት ሳይጠገኑ ቆዩ። አይጥና ሻጋታ ወረራቸው፤ ማሞቂያቸው አይሠራም። የፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር በ2016 አስተዳደሩን ተረከበ። በሚያዝያ 2017 ነዋሪዎቹን ሰብስቦ፣ ማደስ አይቻልም፣ ለቃችሁ ትወጣላችሁ አለ። 185 ቤተሰብ፣ 400 ገደማ ሰው፣ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ልጆች ነበሩ። ለኪራይ የሚሆን የድጎማ ወረቀት ተሰጣቸው። ወረቀቱ የሚሠራው የሚከራይ ደህና ቤት ካለ ነው። ኬሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ወደ ኬፕ ጊራርዶ፣ ወደ ፓዱካና ወደ ሌሎች ከተሞች ተበተኑ። ቤቶቹ ፈረሱ።

አሁን የከተማዋ ተስፋ ወደብ ነው። ከታች በበርጅ የሚመጣውን ዕቃ እዚህ አውርዶ በባቡርና በመኪና መላክ። የኢሊኖይ ግዛት በ2020 ለዚህ 40 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ አስታወቀ። በካርታው ላይ ሐሳቡ ያስኬዳል፤ ከታች በር የለም፣ ሐዲድ አለ፣ አውራ ጎዳና አለ። የድሮዎቹ ነጋዴዎች ያዩትም ይህንኑ ነው። ግን ወደብ ጫኝና አውራጅ፣ ጥበቃ፣ ሜካኒክ ይፈልጋል፤ ሜካኒኩ ቤት፣ ሚስቱ ሐኪም፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ስለ ወደቡ ዜና ስትሰሙ ስንት ቶን ያነሳል ከማለታችሁ በፊት ኬሮ ውስጥ ስንት አዲስ ቤት ተሠራ ብላችሁ ጠይቁ። ቤት ካልተሠራ ሠራተኛው ጠዋት ከኬንታኪ መጥቶ ማታ ድልድዩን ተሻግሮ ይመለሳል፤ የሚሸምተውም እዚያው ነው።